ነጩና ቡናማው፦ ሜትዮራይት ውስጥ ያሉ ካርቦኔትና የብረት ኦክሳይድ የት እንደተፈጠሩ የመለያ መመሪያ

የተቆረጠ ሜትዮራይት፣ ማለትም ከጠፈር የወደቀ ድንጋይ፣ አጉሊ መነጽር ሥር አስቀምጣችኋል እንበል። መደቡ ጥቁር ነው። በላዩ ላይ ነጭ ነጠብጣቦችና ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ይታያሉ። ወደ ዳር ሲል ደግሞ ቡናማ ነገር አለ። ነጩ ካርቦኔት (የኖራ ድንጋይ የሚሠራበት ዓይነት ማዕድን)፣ ቡናማው የብረት ኦክሳይድ (ብረትና ኦክስጅን፣ እንደ ዝገት) ሊሆን ይችላል። እስከዚህ ቀላል ነው። ከባዱ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ እነዚህ ማዕድናት የተፈጠሩት የት ነው? አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር ትንሽ ድንጋያማ አካል) ውስጥ? ማርስ ላይ? ወይስ ድንጋዩ ምድር ላይ ወድቆ ዝናብ ከመታው በኋላ?

የማዕድኑ ስም ይህን አይመልስም። ካልሳይት የሚባለው ካርቦኔት የትም ቢፈጠር ካልሳይት ነው። ማግኔታይት የሚባለው የብረት ኦክሳይድም እንዲሁ። ብዙ ጀማሪ ስሙን ካወቀ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። በእኔ አስተያየት ግን ሥራው የሚጀምረው ገና ከዚያ ነው። መታየት ያለበት ማዕድኑ ከምን ጎን እንደተቀመጠ፣ ምን ቆርጦ እንዳለፈና ምን እንደቆረጠው ነው።

1. መጀመሪያ አፈጣጠሩን እወቁ

ለካርቦኔቱም ለኦክሳይዱም ዋናው አስፈላጊ ነገር ውሃ ነው። የፀሐይ ሥርዓታችን የመጀመሪያዎቹ ጠጣሮች የተፈጠሩት ከ4.567 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ከፀሐይ ራቅ ብለው የተሰባሰቡት አስትሮይዶች ከአቧራ ጋር በረዶም ያዙ። በአቧራው ውስጥ አሉሚኒየም-26 የሚባል ራዲዮአክቲቭ አይሶቶፕ (አንድ ንጥረ ነገር ካሉት የተለያየ ክብደት ያላቸው የአቶም ዓይነቶች አንዱ) ነበረ። ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ የሚፈራርስበት ጊዜ፣ 700 ሺህ ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ቶሎ ስለሚፈራርስ ሙቀት ይለቃል። በዚህ ሙቀት በረዶው ቀለጠ።

ውሃው ከድንጋዩ ጋር ሲገናኝ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ብረቱ ከውሃው ኦክስጅን ይወስዳል። ሦስት የብረት አቶሞችና አራት የውሃ ሞለኪውሎች ሲገናኙ አንድ የማግኔታይት አሃድ ይወጣል፤ አራት የሃይድሮጅን ሞለኪውሎች ደግሞ ጋዝ ሆነው ያመልጣሉ። እዚህ ላይ አየር አያስፈልግም። «ዝገት ያለ አየር አይሆንም» ብላችሁ ካሰባችሁ ይህን ሐሳብ ከአሁኑ ተዉት። ኦሊቪን የሚባለው ማዕድንም በውሃ ተለውጦ ወደ ሰርፐንታይን ይቀየራል። በውስጡ ከነበረው ብረት የተወሰነው ማግኔታይት ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ውሃው ድንጋዩን እያሟሟ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ብረትና ማንጋኒዝ ይሸከማል። በዚያው ጊዜ አሲድነቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ከበረዶው የመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ባይካርቦኔት ይሆናል። ውሃው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሲሆን ካርቦኔት ጠጣር ሆኖ ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው የካልሲየሙ ነው፦ ካልሳይት፣ አንዳንዴም አራጎናይት። ለውጡ ሲገፋ ማግኒዚየምና ብረት የበዛባቸው ዶሎማይትና ብሩነራይት ይከተላሉ።

ሲኤምና ሲአይ ውሃ የለወጣቸው፣ ካርቦን ያላቸው የሜትዮራይት ምድቦች ናቸው። በሲኤሞቹ ውስጥ በብዛት ካልሳይት፣ በሲአይዎቹ ደግሞ ዶሎማይትና ብሩነራይት የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሲአይዎቹን ውሃ ጠልቆ ለውጧቸዋል። ሙቀቱ ብዙ እንዳይመስላችሁ። በሲኤም ካርቦኔቶች ላይ የተደረጉ የአይሶቶፕ ልኬቶች ከ20 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ያሳያሉ። ለብ ያለ ውሃ ማለት ነው።

ጊዜውም ይለካል። ማንጋኒዝ-53 ወደ ክሮሚየም-53 ይለወጣል፤ ግማሽ ዕድሜው 3.7 ሚሊዮን ዓመት ነው። ካርቦኔት ሲፈጠር ማንጋኒዝ በቀላሉ ያስገባል፣ ክሮሚየምን ግን አያስጠጋም። ስለዚህ ዛሬ ካርቦኔቱ ውስጥ ትርፍ ክሮሚየም-53 ከተገኘ የመጣው ከማንጋኒዙ ነው። በዚህ ስሌት ብዙዎቹ ካርቦኔቶች ከመጀመሪያዎቹ ጠጣሮች በኋላ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ እንደተፈጠሩ ይታያል።

2. የድንጋዩን ታሪክ ጠይቁ

መነጽር ከማንሳታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ሲወድቅ ታይቷል ወይስ በኋላ ነው የተገኘው? ስንት ጊዜ መሬት ላይ ቆየ? ከተገኘ በኋላ የት ተቀመጠ?

ሦስተኛው ጥያቄ ይረሳል፤ እሱ ነው ሰው የሚያሳስተው። ኦርጌይ የሚባለው ሲአይ ሜትዮራይት ግንቦት 14 ቀን 1864 በአውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖችም እንዲሁ ናቸው) ፈረንሳይ ላይ ወደቀ። ሲወድቅ ታይቷል፣ ወዲያው ተሰብስቧል። ከዚያ በኋላ ነጭ የሰልፌት (የጨው ዓይነት) ሥሮች፣ ማለትም ስንጥቅ የሞሉ ቀጫጭን መስመሮች፣ ተገኙበት። ለረጅም ጊዜ በአስትሮይዱ ውሃ የተፈጠሩ ናቸው ተብሎ ታሰበ። በ2001 የወጣ ጥናት ግን እነዚያ ሥሮች የበቀሉት ድንጋዩ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦ ሳለ መሆኑን አሳየ። መነሻው የአየሩ እርጥበት ነበር። መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ አዲስ ማዕድን ያበቅላል! በየካቲት 2021 እንግሊዝ ላይ የወደቀው ዊንችኮም ዋናው ቁራጭ በሰዓታት ውስጥ ነበር የተነሳው። እሱም ቢሆን በተወለወለ ቁራጩ ላይ ጨው በቅሎበት ተገኝቷል።

አንታርክቲካ ላይ የተገኙትም ብርድ ጠብቋቸዋል ብላችሁ አትመኑ። አንዳንዶቹ ላይ ነጭ ዱቄት ይወጣል። ይህ ኔስክዌሆናይትና ሃይድሮማግኔሳይት የሚባሉ የማግኒዚየም ካርቦኔቶች ሊሆን ይችላል። የበረዶ ውሃ ድንጋዩን አሟሙቶ፣ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ የሠራው ነው። በዓመታት ውስጥ ይበቅላል።

3. ናሙናውን ሳታበላሹ ጀምሩ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማግኔት ማስጠጋት ነው። ተዉ። ማግኔታይት የጥንት መግነጢሳዊ መስክን ይመዘግባል። ጠንካራ ማግኔት በአንድ ንክኪ ያንን መዝገብ ይሰርዘዋል። ኤንደብልዩኤ 7034 የሚባለው የማርስ ሜትዮራይት ቁራጮች በዚህ መንገድ እንደተበላሹ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ማርስ መግነጢሳዊ መስክ የነበራትን ዘመን ሊነግረን የሚችል ድንጋይ ነበር። ግድ ከሆነ ከዋናው የተለየች ትንሽ ፍርፋሪ ላይ ሞክሩ።

ውሃም አታስነኩት። ሲቆረጥና ሲወለወል በውሃ ፈንታ ንጹህ አልኮል የሚጠቀሙ ባለሙያዎች ምክንያት አላቸው። ጨውና ሰልፌት በውሃ ይጠፋል፣ አዲስ ዝገትም ይጀምራል።

አሲድ በመጨረሻ ይምጣ፣ ያውም በፍርፋሪ ላይ ብቻ። ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ። 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንድ ጠብታ ይበቃል። ካልሳይት ወዲያው ይፈላል። ዶሎማይት ካልተፈጨ እምብዛም አይፈላም። የማግኒዚየም ካርቦኔት የሆነው ማግኔሳይትና የብረት ካርቦኔት የሆነው ሲደራይት በቀዝቃዛ አሲድ ዝም ይላሉ፤ ሞቅ ማለት ይፈልጋሉ። ስለዚህ አለመፍላቱን አይታችሁ «ካርቦኔት የለም» አትበሉ።

አንድ የጎን ማስታወሻ። ድንጋዩ በእርግጥ ሜትዮራይት ካልሆነ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ብዙ «ሜትዮራይት አገኘሁ» የሚባልበት ድንጋይ የምድር ማግኔታይት ወይም ሄማታይት ሆኖ ይገኛል። ባልተለበጠ ነጭ ሸክላ ላይ ፈተግ አድርጉት። ጥቁር ጭረት ከተወ ማግኔታይት፣ ቀይ ቡናማ ከተወ ሄማታይት መጠርጠር ነው። ትኩስ ሜትዮራይት አብዛኛውን ጊዜ ጭረት አይተውም።

4. የቀለጠውን ቅርፊት ፈልጉ

ከሁሉ የበለጠ ጠቃሚው ደረጃ ይህ ስለሆነ ጊዜ ስጡት።

ሜትዮራይት ከባቢ አየር ውስጥ ሲገባ ላዩ ይቀልጣል። ሲቀዘቅዝ ጥቁር ስስ ቅርፊት ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ይህ ቅርፊት የተሠራው በሰከንዶች ውስጥ፣ ልክ ምድር ላይ ሊወድቅ ሲል ነው። ስለዚህ የጊዜ ምልክት ሆኖ ያገለግላችኋል። ከቅርፊቱ በፊት የነበረ ሁሉ ከላይ የመጣ ነው። ከቅርፊቱ በኋላ የመጣ ሁሉ የምድር ነው።

እንዴት ይነበባል? ነጭ ሥር ወይም የኦክሳይድ መስመር ይዛችሁ ወደ ዳር ተከተሉት። ቅርፊቱ ጋ ሲደርስ ቀልጦ ከቆመ ወይም ቅርፊቱ ከላዩ ካለፈ፣ መስመሩ ቀድሞ ነበረ። መስመሩ ቅርፊቱን ሰንጥቆ ካለፈ ወይም በቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ከተሞላ፣ የተፈጠረው እዚህ ነው። በረሃ ላይ በተገኙ ድንጋዮች ውስጥ ከአፈሩ የመጣ ካልሳይት ስንጥቆችን ሞልቶ ማየት የተለመደ ነው። አልፎ አልፎ አሸዋም አብሮት አለ።

ቅርፊቱ ራሱ ማግኔታይት እንዳለው አትርሱ። ይህ የአስትሮይድም የዝናብም ሥራ አይደለም። አየር ውስጥ በቅልጠት የተፈጠረ ነው። ከቅርፊቱ ላይ ናሙና ወስዶ ስለ አስትሮይድ ውሃ መናገር ስህተት ነው።

ቅርፊት የሌለው የውስጥ ቁራጭ ብቻ ካላችሁስ? ያን ጊዜ ሌላ ምልክት ትፈልጋላችሁ። ካልሳይት በጠንካራ ግጭት ሲጨመቅ በውስጡ ትይዩ መስመሮች ያወጣል። እነዚህ መስመሮች ካሉ ካልሳይቱ ጠፈር ላይ ግጭት ሳይደርስበት በፊት ነበር ማለት ነው። ምድር ላይ የበቀለ ካልሳይት ይህ አይኖረውም።

5. የካርቦኔቱን ጎረቤቶች እዩ

በሲኤም ሜትዮራይቶች ውስጥ ሁለት ዓይነት ካልሳይት በተደጋጋሚ ይታያል። የመጀመሪያው ነጠላ ንጹህ እህል ነው፤ ዙሪያውን ሰርፐንታይንና ቶቺሊናይት ከቦታል። ቶቺሊናይት የብረት ሰልፋይድና ሃይድሮክሳይድ ተደራርበው የሠሩት ማዕድን ነው። ይህ ካልሳይት ቀድሞ ወርዶ፣ ኋላ ዳር ዳሩን በሌሎች ተተክቷል። ሁለተኛው ብዙ ትናንሽ ክሪስታሎች የተጠጋጉበት ነው። በውስጡ የሰልፋይድ ቅንጣቶች አሉ። ብዙ ጊዜ እንደ ኦሊቪን ያለ የቀድሞ ሲሊኬት ማዕድን ቦታ ወስዶ ይገኛል። ይህ ዘግይቶ የመጣ ነው።

ሁለቱን በአንድ ቁራጭ ላይ ካገኛችሁ ውሃው አንድ ጊዜ ብቻ እንዳልሠራ ታውቃላችሁ። ይዘቱ እየተለወጠ ሄዷል። በመስከረም 1969 አውስትራሊያ ላይ የወደቀው መርቺሰን የሚባል ሲኤም ሜትዮራይት ለዚህ ልምምድ ጥሩ ነው፤ ቁራጩ በብዛት ስላለ ፎቶውም በቀላሉ ይገኛል።

ትልልቅ ሥሮች በሜትዮራይት ውስጥ እምብዛም አይታዩም። ቤኑ የሚባለው አስትሮይድ ላይ ግን መንኮራኩር ከአንድ ሜትር በላይ ርዝመትና የሴንቲሜትሮች ውፍረት ያላቸው የካርቦኔት ሥሮች በቋጥኞች ላይ አይቷል። ውሃው በሰፊ ስንጥቅ ውስጥ ይፈስ እንደነበር ይጠቁማል። በእጃችን ያሉት ቁራጮች ትናንሽ ስለሆኑ ይህን ማየት አንችልም ነበር።

6. የኦክሳይዱን ቅርጽ እዩ

በአስትሮይድ ውሃ ውስጥ የተፈጠረ ማግኔታይት ቅርጹ ያጋልጠዋል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ በመቶ የሚቆጠሩ እኩል ትናንሽ ክሪስታሎች ተጠጋግተው እንጆሪ ፍሬ የሚመስሉበት ነው። ሌላው ስስ ዝርግ ክሪስታሎች እርስ በእርስ ተደራርበው የሚታዩበት ነው። ሦስተኛው ከመሃል ወደ ውጭ ያደገ ክብ ነው። እንዲህ ዓይነት ስብስብ ምድር ላይ በድንጋይ መዛግ አይመጣም። ይህን ካያችሁ በኋላ ብዙ ክርክር አያስፈልግም። ኦርጌይና በ1938 ታንዛኒያ ላይ የወደቀው ኢቩና ይህን ያሳያሉ። ሃያቡሳ 2 የሚባለው የጃፓን መንኮራኩር ከሪዩጉ አስትሮይድ በታኅሣሥ 2020 ያመጣው 5.4 ግራም ናሙናም ከዶሎማይትና ከብሩነራይት ጋር ተመሳሳይ ማግኔታይት ይዟል።

የምድር ዝገት ሌላ መልክ አለው። ጎታይት ቢጫ ቡናማ ነው። አካጋኔይት ክሎሪን የያዘ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ብረታማ ሜትዮራይቶችን የሚያፈርሰው ዋናው እሱ ነው። ማግሄማይት፣ ሌፒዶክሮሳይትና ሄማታይትም አሉ። እነዚህ ቅርጽ የላቸውም፤ የብረት ቅንጣትን ከዳር እየበሉ ይገባሉ፣ ወይም በስንጥቅ ውስጥ ይፈሳሉ። ዝገቱ የሚይዘው ቦታ ከብረቱ ስለሚበልጥ ድንጋዩን ከውስጥ ይገፋዋል። አዲስ ስንጥቅ ይከፈታል፣ በዚያው አዲስ ውሃ ይገባል።

የዝገቱን መጠን ለመግለጽ ባለሙያዎች ከደብልዩ 0 እስከ ደብልዩ 6 የሚሄድ መለኪያ አላቸው። ተራ ኮንድራይት ለሚባሉት የተለመዱ ድንጋያማ ሜትዮራይቶች የወጣ ነው። ደብልዩ 0 ላይ ምንም ዝገት አይታይም። በደብልዩ 1 በብረቱና በትሮይላይቱ (የብረት ሰልፋይድ) ዙሪያ ስስ የዝገት ቀለበት አለ። ደብልዩ 2 ከ20 እስከ 60 በመቶ፣ ደብልዩ 3 ከ60 እስከ 95 በመቶ የሚሆነው ብረት ሲበላ ነው። በደብልዩ 4 ብረቱ አልቋል ማለት ይቻላል። ከዚያ በላይ ሲሊኬቶቹም መበላት ይጀምራሉ። ቁራጫችሁ ደብልዩ 3 ከሆነ፣ በውስጡ ያገኛችሁትን ማንኛውንም ካርቦኔት መጀመሪያ የምድር ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ማስተባበል የካርቦኔቱ ሥራ ነው።

7. በመሣሪያ አረጋግጡ

ማዕድንን በሌዘር ብርሃን የሚለየውን ራማን ስፔክትሮስኮፒ ካገኛችሁ ሥራው ይፈጥናል። ካልሳይት 1086 ገደማ፣ ዶሎማይት 1098 ገደማ ላይ ምልክት ያሳያል። ማግኔታይት 670 አካባቢ ነው፤ ሄማታይት ደግሞ 225፣ 290ና 410 አካባቢ። ቁጥሮቹ የሞገድ ቁጥሮች ናቸው፤ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ያሉ ሞገዶች ተቆጥረው ማለት ነው። የሌዘሩን ኃይል ዝቅ አድርጉ። ከፍ ካለ ማግኔታይቱን አሙቆ ሄማታይት ያደርገዋል። እናንተ የፈጠራችሁትን ሄማታይት የማርስ ነው ብላችሁ ልትጽፉ ትችላላችሁ።

የመጨረሻው ዳኛ አይሶቶፕ ነው። የሲኤም ካርቦኔቶች ካርቦን-13 ብዙውን ጊዜ ከምድር መለኪያ ከሺህ ከ20 እስከ 80 ከፍ ይላል። የበረሃ አፈር ካልሳይት ግን ዜሮ አካባቢ ወይም ከዜሮ በታች ነው። ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ ብዙ አያከራክርም። የኦክስጅን ሦስቱ አይሶቶፖች ሬሾም የምድርን መስመር ተከትሎ እንደሆነ ወይም ከእሱ ወጥቶ እንደሆነ ያሳያል። ካርቦን-14 በብዛት ከተገኘ ደግሞ ካርቦኔቱ የቅርብ ዘመን አየር ተንፍሷል ማለት ነው። ግማሽ ዕድሜው 5,730 ዓመት ነውና።

8. በአንድ ከባድ ምሳሌ ተለማመዱ

ኤኤልኤች 84001 የሚባለው ሜትዮራይት በታኅሣሥ 1984 አንታርክቲካ፣ አለን ሂልስ ላይ ተገኘ። ክብደቱ 1.9 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የማርስ መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው። ዓለቱ ራሱ 4.1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። በስንጥቆቹ ውስጥ ብርቱካናማ ካርቦኔት ክቦች አሉ፤ ዳራቸው ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር ቀለበት ይዟል። ቀለበቶቹ ውስጥ እጅግ ደቃቅ ማግኔታይት አለ። በ1996 የናሳው ተመራማሪ ዴቪድ ማኬይና ባልደረቦቹ በእነዚህ ክቦች ውስጥ የጥንት ሕይወት ምልክት ሊኖር ይችላል አሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ ማግኔታይቱ ነበር፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ተመሳሳይ ክሪስታል ይሠራሉና።

እስቲ ደረጃዎቹን ተጠቀሙ። ድንጋዩ 13 ሺህ ዓመት ገደማ አንታርክቲካ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ የምድር ካርቦኔት ጥርጣሬ አለ። ግን ክቦቹ በግጭት ተሰባብረዋል፣ ከቦታቸውም ተንሸራተዋል። ያ ግጭት የደረሰው ማርስ ላይ ነው። ካርቦን-13ታቸው ከምድር መለኪያ ከሺህ 40 ገደማ ከፍ ያለ ነው። ዕድሜያቸው ሲለካ 3.9 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ወጣ። እንግዲህ ካርቦኔቱ የማርስ ነው። ይህ ክፍል ተዘግቷል። የተፈጠረበት ሙቀትም ተለክቷል፦ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ።

ማግኔታይቱስ? እዚህ ላይ ሌላ መንገድ ይምጣ። ሲደራይት፣ ማለትም የብረት ካርቦኔት፣ በድንገት ሲሞቅ ይፈርሳል። ከእሱ ማግኔታይት ይወጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ሆነው ይሄዳሉ። ድንጋዩን ያናወጠው ግጭት ይህን ሙቀት ሊሰጥ ይችላል። ማለትም ኦክሳይዱ ውሃ ውስጥ ሳይሆን ከካርቦኔቱ ሬሳ ተወልዶ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ተመራማሪዎች ዛሬ ሕይወት የሌለበትን ማብራሪያ ይመርጣሉ። እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ፤ ባክቴሪያ ሳይጨመር የሚሠራ መንገድ ካለ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእሱ ነው።

9. ጽፋችሁ አስቀምጡ፣ ድንጋዩንም አድርቃችሁ

ለእያንዳንዱ እህል አራት ነገር መዝግቡ፦ ማዕድኑ፣ ከምን ጎን እንዳለ፣ ምን እንደቆረጠ፣ የፈረዳችሁበት ምክንያት። «ካርቦኔት አለ» ብቻ ብሎ መጻፍ በኋላ ለሚመጣ ሰው ምንም አይጠቅመውም። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ቦታው ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉ። ነውር አይደለም።

ቁራጩን በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ፣ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር አኑሩ። ጄሉ ቀለሙ ሲቀየር አድርቁት ወይም ለውጡት። በባዶ እጅ አትንኩት፤ የላብ ጨው ክሎሪን አለው፣ አካጋኔይት የሚፈልገውም እሱን ነው። በየጊዜው ፎቶ አንሡና ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩ። ባለፈው ፎቶ ያልነበረ ነጭ ነጠብጣብ ወይም ቡናማ ጠርዝ ካያችሁ፣ የት እንደተፈጠረ ለማወቅ ሌላ መሣሪያ አትፈልጉም።